ለማበላሸት የተፈቀደ ማሽን

በኮምፒውተር ሳይንስ የመውጫ ፈተና ከሚካተቱት ኮርሶች አንዱ «ኔትወርክና ሲስተም አድሚኒስትሬሽን» ነው። ተፈታኙ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል፣ ጥያቄውን ያነብባል፣ ከተደረደሩለት ምርጫዎች አንዱን ይጫናል። ፊቱ ያለው ማሽን ጥያቄ ከማሳየት ያለፈ ሥራ የለውም፤ ከውስጡ አንዲት ፋይል እንኳ እንዲያስተካክል ተፈታኙ አይጠየቅም። ሥራ ላይ ግን ምርጫ የሚባል ነገር የለም። ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የቆመ ሰርቨር የሚያሳየው ጥቁር ስክሪንና ብልጭ ድርግም የምትል ጠቋሚ ነው። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር ከመንግሥትና ከግል ተቋማት ተፈታኞች በጠቅላላው ያለፉት 40 በመቶ ገደማ መሆናቸው ብዙ አነጋግሯል። ስለ ወደቁት ያልተባለ የለም። ያለፈው ተማሪ ሰርቨር ፊት ብቻውን ቢቀር ምን እንደሚያደርግ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ነገሩን ከሐዋሳ ሆኖ መመርመር ይሻላል፤ በአዲስ አበባ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ትንንሾቹን ነገሮች ይጋርዷቸዋል። ሐዋሳ በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው የግብርና ኮሌጅ፣ ወንዶ ገነት ያለው የደን ኮሌጅና ሪፈራል ሆስፒታሉ ሁሉ በዚሁ ስር ናቸው። ፖሊቴክኒክ ኮሌጅም አላት። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሲዳማ ክልል መዲና ናት። ስሙን ከአውቶቡስ ተራው በወረሰው በመናኸሪያ ክፍለ ከተማም ሆነ በሌሎቹ፣ ከባንክ ቅርንጫፉ እስከ ክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ድረስ ያለ ኮምፒውተር የሚንቀሳቀስ ጉዳይ እየጠፋ ነው፤ «ሲስተም የለም» የምትለዋ ቃል ባለጉዳይን የምትመልስ ውሳኔ ከሆነች ቆይታለች። በእንዲህ ያለ ከተማ የሚያድግ ወጣት ሲስተም አስተዳደርን፣ ከዚያም አልፎ የብዙ ኮምፒውተሮችን ጉልበት አጣምሮ ማሠራትን፣ ማለትም ሃይ ፐርፎርማንስ ኮምፒውቲንግን፣ ለመማር ምን ይጎድለዋል? የተለመደው መልስ ማሽን ነው። እኔ ደግሞ የሚጎድለው ፈቃድ ነው እላለሁ። ይህ ሙያ የሚለመደው ለማበላሸት በተፈቀደ ማሽን ላይ ብቻ ነው፤ ተቋሞቻችን ደግሞ ለተማሪው ማሽን እንጂ ይህን ፈቃድ አይሰጡም።

የሰሞኑ አቅጣጫ ወደ ሌላ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ፣ አንድሮይድና አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ያስተምራል። የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል፤ በአዲስ አበባ የግል ዳታ ማዕከላት ተከፍተዋል፤ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ከልህቀት ማዕከላቱ አንዱን ለሃይ ፐርፎርማንስ ኮምፒውቲንግና ለቢግ ዳታ ሰጥቷል። አንዳቸውም የሚነቀፉ አይደሉም። ነገር ግን የተጻፈው ኮድ የሚኖርበትን ማሽን ማን ያቆመዋል? ማንስ ያድሰዋል? ይህ ጥያቄ በታቀደው ሁሉ ውስጥ ራሱን እንደሚመልስ ነገር ተትቷል። ራሱን እንደማይመልስ ግን አይተናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተከፋፈለው የፕላዝማ ቴሌቪዥን በብዙ ቦታ ምን እንደ ሆነ ያኔ የተማረ ሁሉ ያውቃል፤ አንዱ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው በአቅራቢያው ስላልነበረ ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ቀረ። ግዢው የአገር ፕሮጀክት ነበር፤ ጥገናው ግን የማንም አልነበረም።

ጥገና ሲባል የጽዳት ያህል ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ከሆነ፣ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ሌሊትን ማስታወስ ይበቃል። ያን ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ከኤቲኤም ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ ባንኩ በኋላ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደ ወጣ አስታወቀ። ብሔራዊ ባንክ የሰጠው ማብራሪያ ችግሩ የደረሰው በጥገናና ፍተሻ ሥራ ወቅት ነው የሚል ነበር። ሰው ሁሉ ያወራው ስለ ተማሪዎቹ ጠባይ ነው። ለኔ ይበልጥ የሚከብደው ግን የመንስኤው ተራነት ነው። በረቀቀ ዘዴ ሰብሮ የገባ ሌባ አልነበረም፤ የየዕለት ሥራ፣ በየሰርቨር ክፍሉ በየሳምንቱ የሚሠራ ዓይነት ሥራ ነው ያን ያህል ገንዘብ ያንቀሳቀሰው።

ይህ ደግሞ የኛ ብቻ ጉዳት አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የጃፓኑ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሱፐር ኮምፒውተር በሦስት ቀን ውስጥ 77 ቴራባይት የሚሆን የምርምር ዳታ አጠፋ፤ ፋይሎቹ 34 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ የ14 የምርምር ቡድኖች ሥራ ተነካ፤ የአራቱ ደግሞ ሊመለስ እንኳ አልቻለም። ምክንያቱን ጠጋ ብሎ ማየት ስለ ሙያው ብዙ ይናገራል። ያረጁ ሎግ ፋይሎችን እየለየ የሚያጠፋ አንድ የባክአፕ ስክሪፕት ነበር። የአቅራቢው ኩባንያ ባለሙያዎች ስክሪፕቱን አሻሻሉና፣ አሮጌው ገና እየሠራ ሳለ አዲሱን በላዩ ላይ ገለበጡት። ባሽ የተባለው የሊኑክስ ትዕዛዝ ተርጓሚ ስክሪፕትን አንድ ጊዜ አንብቦ አይጨርስም፤ እየሠራ፣ እየተመለሰ፣ ቀጣዩን መስመር ከፋይሉ ያነብባል። ስለዚህ ከአሮጌው ስክሪፕት መሃል ተነስቶ አዲሱ ውስጥ ገባ። አዲሱ የሚፈልገው የማውጫ ስም ገና አልተሞላም ነበር፤ ባዶ ነው። «በዚህ ማውጫ ውስጥ ያሉትን አሮጌ ሎጎች አጥፋ» የሚለው ትዕዛዝ የማውጫው ስም ባዶ ሲሆንበት የተመራማሪዎቹን ፋይሎች ማጥፋት ጀመረ። ስክሪፕቱ የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ ፈተና ላይ ቢቀርብ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። የጎደለው «ይህ አሁን እየሠራ ነው፤ አትንካው» የሚለው የእጅ ጥንቃቄ ነው። ይህ ጥንቃቄ በመጽሐፍ ይነገራል እንጂ አይሰርጽም። የሚሰርጸው ሰው የራሱን ትንሽ ፋይል፣ በራሱ ትንሽ ማሽን ላይ፣ በዚሁ መንገድ አንድ ቀን ሲያጠፋ ነው።

እዚህ ላይ ሱፐር ኮምፒውተር የሚለው ስም የሚፈጥረው ድንጋጤ መገፈፍ አለበት። የዓለምን 500 ፈጣን ኮምፒውተሮች በዓመት ሁለት ጊዜ በሚመዘግበው ዝርዝር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2017 ጀምሮ አምስት መቶዎቹም ሊኑክስ የሚጠቀሙ ናቸው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው፣ ማንም በነፃ የሚያወርደው፣ ያረጀ ላፕቶፕ ላይ የሚጫነው ያው ሊኑክስ ማለት ነው። ማሽኖቹም ቢሆኑ አንድ ግዙፍ አእምሮ አይደሉም፤ በፈጣን ኔትወርክ የተሳሰሩ ብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ናቸው። መንገዱን ካቀኑት መካከል የናሳ ሰዎች ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር ይገኙበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ከገበያ የተገዙ 16 ተራ ኮምፒውተሮችን በተራ የኔትወርክ ገመድ አገናኝተው ቤዎልፍ አሉት። የዛሬው ትልቅ ክላስተር የዚያ ልጅ ነው። እንግዲህ ሦስት ያገለገሉ ዴስክቶፖችንና አንድ ስዊች አገናኝቶ የሚያስተዳድር ተማሪ የሚነካቸው ክፍሎች፣ አገር የምታህል ማሽን የሚያስተዳድረው ሰው ከሚነካቸው በዓይነት አይለዩም። የሚለዩት በብዛትና በፍጥነት ነው።

ከክፍሎቹ አንዱን ለመናኸሪያ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። በክላስተር ላይ ሥራ የሚያከፋፍለው ፕሮግራም፣ ብዙ ቦታ የሚሠራበት ስለርም፣ ተራ አስከባሪ ነው። ተጠቃሚው ስንት ማሽን እንደሚፈልግና ለስንት ሰዓት እንደሚይዛቸው አስቀድሞ ይናገራል፤ ስለርም ያሰልፈዋል። ወደ ዲላ የሚሄድ ሙሉ ሚኒባስ የያዘ ቡድን ከሰዓት በኋላ የሚነሳ ከሆነ፣ መኪናው እስከዚያ ቆሞ ከሚውል ቱላ ደርሶ እንዲመለስ ብልህ ተራ አስከባሪ ይለቀዋል፤ ስለርምም ትልቁ ሥራ ማሽን እስኪሟላለት ሲጠብቅ በመሃል ያለውን ክፍተት አጭር ሥራ ያስገባበታል። ጊዜውን አሳንሶ የተናገረ ተጠቃሚ ሰዓቱ ሲሞላ ሥራው ሳያልቅ ይቋረጥበታል፤ አለልክ አብዝቶ የተናገረም ክፍተት ስለማይገኝለት ወረፋ ላይ ይከርማል። ይህን ሚዛን ሁለት ሦስት ጊዜ ሥራው ተቋርጦበት ያየ ተማሪ ከማንኛውም ስላይድ ይልቅ ይረዳዋል።

ትንሹ ክላስተር እንዲያውም ከትልቁ የተሻለ አስተማሪ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም ድህነቱ ስሕተትን አይሸፍንም። አንድ ምሳሌ እነሆ። ስለርም ማሽኖቹ እርስ በርስ መተማመናቸውን የሚያረጋግጠው በአብዛኛው ማንጅ በሚባል ረዳት ፕሮግራም ነው። ማንጅ የሚሰጠው ማረጋገጫ በነባሪው አሠራር ዕድሜው 5 ደቂቃ ነው፤ የሁለት ማሽኖች ሰዓት ከዚያ በላይ ከተለያየ አንዱ የሌላውን መልእክት አልቀበልም ይላል። አሁን መብራት ይጥፋ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ብዙ ጊዜ ሞታለች፤ መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ተነስቶ ቀኑን ከዓመታት በፊት ያደርገዋል። ክላስተሩ ይቆማል። ስለርም ማሽኑን ከአገልግሎት ውጪ ነው ይላል፤ ፒንግ ሲደረግ ግን ይመልሳል፤ በኤስኤስኤችም ይገባል። ተማሪው ገመድ ይነቅላል፣ ይሰካል፣ ስለርምን እንደገና ይጭናል። መጨረሻ ላይ ሎግ ያነብባል፤ ማረጋገጫው ጊዜው እንዳለፈበት የሚል መስመር ያገኛል፤ ቀንና ሰዓት የሚያሳየውን ዴት የሚል ትዕዛዝ ይጽፋል፤ ያያል። ከዚያ በኋላ ክሮኒን ጭኖ የሁሉንም ሰዓት ከአንዱ ማሽን ያስተካክላል። በዚህ አንድ ብልሽት የተማረው ሰዓት ማስተካከል ብቻ አይደለም። ምልክቱ ያለበት ቦታና በሽታው ያለበት ቦታ የተለያዩ መሆናቸውን፣ ሎግ ከግምት እንደሚቀድም፣ እንደገና መጫን መልስ እንዳልሆነ ተምሯል። በዘመናዊ ዳታ ማዕከል ውስጥ ይህ ብልሽት ጨርሶ ላይገጥመው ይችል ነበር።

የስሌቱ ትምህርትም እንዲሁ ነው። ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያስቀመጠው ሕግ የሥራው የተወሰነ ክፍል ለብዙ ማሽን ሊከፋፈል ካልቻለ ፍጥነቱ ጣሪያ እንዳለው ይናገራል። ከፕሮግራሙ 5 በመቶው ብቻ በተራ የሚሠራ ከሆነ ማሽን ቢደረደር ቢደረደር ፍጥነቱ ከ20 እጥፍ አያልፍም። እያንዳንዳቸው አራት ኮር ያላቸው ሦስት ዴስክቶፖች 12 ኮር ይሆናሉ፤ በሕጉ መሠረት ፍጥነቱ 12 እጥፍ ሳይሆን 7.7 እጥፍ ገደማ ነው። ማሽኖቹ በኤምፒአይ መልእክት ሲለዋወጡ በርካሹ ስዊች የሚያጠፉት ጊዜ ሲታከልበት ከዚያም ይወርዳል። ውድ ኔትወርክ ያለው ተማሪ ይህ ኪሳራ አይሰማውም፤ ርካሽ ስዊች ያለው ግን ፕሮግራሙን ካላሻሻለ የትም አይደርስም።

«በአሮጌ ዕቃ መለማመድ የድሃ ማጽናኛ ነው» የሚል ካለ፣ የሀብታሞቹን ሥራ ይመልከት። የአሜሪካው ሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ከዓለም ታላላቅ ማሽኖች አንዳንዶቹ ያሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የሲስተም ሶፍትዌር ሠሪዎቹ እንዲሞክሩበት ያስገነባው ግን ከ750 ራዝቤሪ ፓይ የተሠራ ክላስተር ነበር፤ ውዱን ማሽን ለሙከራ ማቆም አይቻልማ። ኤምአይቲም ቢሆን የኮምፒውተር ተማሪዎቹ የተርሚናል፣ የስክሪፕትና የመሰል መሣሪያዎችን አጠቃቀም ከመደበኛው ትምህርት እንደማያገኙ አምኖ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 «የጎደለው ሴሚስተር» የሚል አጭር ኮርስ ሰጥቷል። ከሁሉ ይልቅ ለኛ የቀረበው ደቡብ አፍሪካ ነው። ኬፕ ታውን ያለው የሃይ ፐርፎርማንስ ኮምፒውቲንግ ማዕከል የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ሰብስቦ ክላስተር መገጣጠምና ማስተዳደር ያስለምዳል፤ ከነሱ የተመረጠው ቡድን ጀርመን ውስጥ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች የክላስተር ውድድር እ.ኤ.አ. በ2013 አሸነፈ፤ በ2014፣ በ2016 እና በ2019 ደገመው። ያሸነፉት የቻይናንና የአውሮፓን ዩኒቨርሲቲዎች ነው። ያው ማዕከል ቴክሳስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ከአገልግሎት የወጣውን ሬንጀር የተባለ ሱፐር ኮምፒውተር መደርደሪያዎች ተቀብሎ ለሌሎች የአፍሪካ ተቋማት ሲያከፋፍል፣ አብሮ የላከው የአስተዳዳሪዎች ሥልጠና ነበር። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው መሆን ያለበት።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያው «ክላውድ እያለ ሰርቨር ማን ያስተዳድራል?» የሚለው ነው። ክላውድ ውስጥ የሚከራየውም ማሽን ሊኑክስ ነው፤ ተጠቃሚ የሚፈጥርለት፣ በሩን የሚዘጋለት፣ ባክአፑን የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። ዋጋው ደግሞ በአብዛኛው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ከ100 ብር አልፏል፤ ተረስቶ ያደረ አንድ ክላውድ ማሽን ለሐዋሳ ተማሪ ምን እንደሚያስከፍለው ማስላት ቀላል ነው። መማሪያው ማሽን መብራት ብቻ የሚበላ መሆኑ ጥቅም እንጂ ኋላ ቀርነት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ አዲስ ነው፤ «ትዕዛዙን አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ይጽፈዋል» ይላል። በርግጥ ይጽፈዋል፤ ብዙ ጊዜም በትክክል። ለጀማሪ የማይናቅ አጋዥ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን የኪዮቶው ዳታ የጠፋው ትዕዛዝ በመጻፍ ችሎታ ማነስ አልነበረም። ትዕዛዙ ትክክል ነበር፤ ጊዜው አልነበረም። መልሱን ገልብጦ በሩት፣ ማለትም በሙሉ አስተዳዳሪነት፣ ሥልጣን የሚያስኬደው ሰው ማሽኑ በዚያች ደቂቃ ምን ላይ እንዳለ ካላወቀ፣ ምክሩ ከሰውም መጣ ከሌላ፣ ኃላፊነቱም ጉዳቱም የሱ ነው።

ሦስተኛው፣ ክብደት ያለው እሱ ነው፦ ሐዋሳ ለሃይ ፐርፎርማንስ ኮምፒውቲንግ ምን ሥራ አላት? የስሌት ባለሙያ ብሎ ማስታወቂያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት በከተማዋ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሥራው በሌላ ስም አለ። በሐዋሳ ሐይቅ ተፋሰስ ላይ ስዋት በሚባለው የውሃ ሞዴል የተሠሩ ጥናቶች አሉ። እንዲህ ያለ ሞዴል ከመሬቱ ጋር እንዲስማማ መለኪያዎቹ እየተቀያየሩ መቶዎችና ሺዎች ጊዜ ይሞከራል። አንዱ ሙከራ 10 ደቂቃ ቢፈጅ አንድ ሺህ ሙከራ በአንድ ኮር ሰባት ቀን ገደማ ነው፤ በመሃል መብራት ቢጠፋና የደረሰበትን የሚይዝለት ነገር ባይኖር ከዜሮ ይጀመራል። ሙከራዎቹ አንዱ ከሌላው ጋር ስለማይነጋገሩ ደግሞ አምዳልም ርካሹ ስዊችም እምብዛም አያስቸግሯቸውም። በእነዚያው 12 ኮሮች፣ በስለርም ወረፋ ተሰልፈው፣ በ14 ሰዓት ያህል ያልቃሉ። መብራት ቢጠፋ የሚጠፉት በዚያች ቅጽበት የሚሠሩት 12ቱ ብቻ ናቸው። የአየር ጠባይ ትንበያ፣ የሰብል ዘረመል ትንተና፣ የደን ሳተላይት ምስል ንባብ የዚህ ዘመዶች ናቸው፤ ሦስቱም ከዩኒቨርሲቲው ኮሌጆች ሥራ የራቁ አይደሉም። ተመራማሪው ላፕቶፑን ለሳምንት ክፍት ጥሎ የሚያድርበትን ሥራ ሊያሳጥርለት የሚችል ተማሪ እዚያው ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሏል። አይተዋወቁም። ተማሪው ሥራ ሳይይዝ ቢመረቅ እንኳ ተጠቃሚ ማስተዳደሩ፣ ባክአፑ፣ ሎግ ንባቡ፣ በአንሲብል ብዙ ማሽን በአንድ ጊዜ ማዘጋጀቱ ባንክም፣ ሆስፒታልም፣ ቴሌኮምም የሚፈልጉት ያው ችሎታ ነው።

እንግዲህ ማሽኑ ካለ፣ ሥራው ካለ፣ ሶፍትዌሩ ነፃ ከሆነ ምን ያዘን? የያዘን ሞዴል 22 ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሲገዛ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ከንብረት ክፍል ሲወጣ በሞዴል 22 በአንድ ሰው ስም ይፈረማል። ያ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ደሞዙ አነስተኛ የሆነ የላብ ቴክኒሻን፣ ሥራ ሲለቅ ክሊራንስ የሚያገኘው ማሽኑን ሲያስረክብ ነው። የሩት የይለፍ ቃል ለ40 ተማሪ ስጥ ማለት ለሱ በገዛ ስምህ የተፈረመውን ዕቃ ለ40 ሰው አበላሽ ብለህ ስጥ ማለት ነው። እምቢ ማለቱ ክፋት አይደለም፤ በቦታው የተቀመጠ ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ስለዚህ ተማሪው በተገደበ አካውንት ይገባል፣ የታዘዘውን ፕሮግራም ይከፍታል፣ ይወጣል። ሲስተም አድሚኒስትሬሽን የሚባለውን ኮርስ ሲስተሙን ሊያስተዳድር በማይችልበት አካውንት ይማራል። በሌላ በኩል አገልግሎታቸው አበቃ የተባሉ ኮምፒውተሮች ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ፣ ጨረታ እስኪወጣ፣ በየመጋዘኑ አቧራ ይጠጣሉ። ኮር አይ ፋይቭ ያለው፣ ለቢሮ ሥራ ዘገየ የተባለ ዴስክቶፕ ለሊኑክስ ክላስተር ኖድ ከበቂ በላይ ነው።

«በቨርቹዋል ማሽን ይለማመዱ» የሚለው ሐሳብ የችግሩን ግማሽ ይፈታል፤ የኮሚቴ ፈቃድ አያስፈልገውምና። 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ሦስት ትንንሽ ሊኑክስ ማስነሳትና የተባለውን ሁሉ መጀመር ይቻላል፤ ላፕቶፕ ያለው ዛሬውኑ ይጀምር። ግን ሁሉም ላፕቶፕ የለውም፤ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ደግሞ ባትሪ አይሞትም፣ ገመድ አይላላም፣ ዲስክ እየተንቋቋ አይሄድም። የደኅንነት ሥጋትም ይነሳል፤ ሩት የያዘ ተማሪ የግቢውን ኔትወርክ ሊያውክ ይችላል ይባላል። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ መልሱም ከባድ አይደለም። የመለማመጃው ስዊች ከግቢው ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው ገመድ አይኑረው፤ ሶፍትዌሩ በፍላሽ ይግባ።

የሙያ ትምህርቱ ዘርፍ እዚህ ላይ ከዩኒቨርሲቲው በአንድ ነገር ይበልጣል። በፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ሃርድዌርና ኔትወርክ የተማረ ልጅ የብቃት ምዘና ሲቀመጥ መዛኙ ፊት ገመድ ይቆርጣል፣ ሲስተም ይጭናል፣ ይፈትሻል። ዲግሪ ያለው ደግሞ ምርጫ ይጫናል። የሬድ ሃት የሊኑክስ አስተዳዳሪዎች ፈተና ተፈታኙን ማሽን ላይ ያስቀምጥና የሠራው ሁሉ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ በቦታው ካልተገኘ አይቆጥርለትም፤ ለኛ አገር የመብራት ሁኔታ የተጻፈ ነው የሚያሰኝ ሕግ ነው። የመውጫ ፈተናው ለአገር ሙሉ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ በመሆኑ ወደዚህ ይለወጥ ማለት ዛሬ የሚሆን አይደለም። የኮርሱን የውስጥ ምዘና ግን መምህሩና ትምህርት ክፍሉ ይወስናሉ። ግማሹ ነጥብ በተበላሸ ማሽን ላይ ይሁን፤ መምህሩ አስቀድሞ ያበላሸዋል፣ ተማሪው መንስኤውን ፈልጎ ያስተካክላል፣ ያደረገውን በጽሑፍ ያስረዳል።

የቀረው የወረቀት ሥራ ነው፤ የወረቀት ሥራ ግን በኛ ዘንድ ከቴክኒኩ ይከብዳል። ንብረትን ከአንድ የመንግሥት ተቋም ወደ ሌላው ማዛወር የማይታወቅ መንገድ አይደለም፤ በሐዋሳ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ሊያስወግዱ ካሰቧቸው ኮምፒውተሮች ጥቂቱን ከጨረታ በፊት ለዩኒቨርሲቲውና ለፖሊቴክኒኩ ሊሰጡ ይችላሉ። ሲሰጡ ግን ዕቃው እንደገና በአንድ ቴክኒሻን ስም በሞዴል 22 ከወጣ ወደ ነበርንበት ተመልሰናል። «ለመለማመጃ የዋለ፣ በልምምድ ቢበላሽ የማይጠየቁበት» የሚል መደብ ያስፈልጋል፤ በጽሑፍ፣ በማኅተም፣ በኃላፊ ፊርማ። ይህን የሚፈርመው የትምህርት ክፍል ኃላፊው አይደለም፤ ሥልጣኑ የለውም። የንብረት አስተዳደር ዳይሬክተሩ ብቻውንም አይፈርመውም፤ ኦዲተር ይጠይቀዋል። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ የተቋሙ የበላይ ኃላፊ አጽድቆት፣ ለኦዲት የሚቀርብ የአንድ ገጽ መመሪያ ማውጣት አለባቸው።